የልጅ ጉሮሮ ሲታመም ስለ ልቡ ለምን እንጨነቃለን? (ስለ ሩማቲክ የልብ ሕመም)



«የልብ ሕመም» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ነው። እሱም አለ፣ ሌላ ቀን እንመጣበታለን። በጎንደርና አካባቢው ለልብ ክትትል ከሚመጡት መካከል ግን ብዙዎቹ ቀጫጭን ወጣቶች ናቸው፦ ተማሪ፣ እረኛ፣ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት። ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከጃናሞራ፣ ከበየዳ ይመጣሉ። ሕመማቸው የጀመረው ከዓመታት በፊት፣ ከጉሮሮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የልጁን ጉሮሮ ያሳምማል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመግደል መከላከያውን ያሰማራል። ችግሩ የባክቴሪያው አካል ከራሳችን የልብና የመገጣጠሚያ ሥጋ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ በአንዳንድ ልጆች ላይ መከላከያው ይሳሳትና የራሱን ልብ ይወጋል። ይህ የሚሆነው ጉሮሮው ከዳነ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ለዚህም ነው ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሰው የሚጠፋው። በብዛት የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው።

ምልክቱ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። ዛሬ ጉልበቱ ያብጣል፣ ነገ እሱ ይተወውና ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያ ክርኑ። ቤተሰብ «ብርድ መታው»፣ «ቁርጥማት ነው» ይላል። አንዳንዷ ልጅ ደግሞ እጇና ፊቷ ሳታዝዘው ይወራጫል፣ ዕቃ ከእጇ ይወድቃል። ልክፍት ነው ተብሎ ወዲያ ወዲህ ትባላለች። መገጣጠሚያው ምንም ሳይተርፈው ይድናል። ልቡ ግን ጠባሳ ይቀርበታል። በተለይ ቫልቭ የምንላቸው የልብ በሮች፣ ከእነሱም ሚትራል የሚባለው፣ ወይ በደንብ አይከፈትም ወይ በደንብ አይዘጋም። በሽታው ከተመላለሰ ጠባሳው በጠባሳ ላይ ይደረባል።

ደጋ ላይ ለምን በዛ? ብርዱ ራሱ ልብ አይጎዳም። ብርድ ሲሆን ግን በሩ ይዘጋል፣ ልጆች በአንድ መደብ ላይ ተጠጋግተው ይተኛሉ፣ ባክቴሪያውም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘልቃል። ጤና ጣቢያው ደግሞ ሩቅ ነው። ችግሩ የኛ ብቻም አይደለም። በአገራችን ትምህርት ቤቶች በልብ አልትራሳውንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከ1000 ተማሪዎች ወደ 19 የሚጠጉት ላይ ይህን ሕመም አግኝቷል። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ልጆች መታመማቸውን አያውቁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ልጁ ጉሮሮዬን ሲል ብዙ ቤት መጀመሪያ የሚባለው «እንጥሉ ወርዷል» ነው። ከዚያ እንጥል ወደሚቆርጡ ወይም ቶንሲል ወደሚቧጥጡ ሰዎች ይወሰዳል። እናቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ለልጃቸው አስበው ነው፤ እኔም ልወቅስ አይደለም የምጽፈው። ግን እንጥሉ ያበጠው ጉሮሮው ስለተቆጣ ነው። እንጥሉ ቢቆረጥ ባክቴሪያው እዚያው ነው። መድማት፣ መመርቀዝ፣ ቴታነስ፣ ምላጩ ለሌላ ሰው አገልግሎ ከሆነ ደግሞ ኤችአይቪ አለ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የሚባክነው ጊዜ ነው። ጉሮሮው መታመም ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተጀመረለት ልቡን ማዳን ይቻላል። እንጥል ያስቆረጠ ቤተሰብ «ጨርሰናል» ብሎ ይቀመጣል፣ ዘጠኙም ቀን እንዲሁ ያልፋል። ዝንጅብልና ማር ሕመሙን ያስታግሳሉ፣ ስጡት፤ ባክቴሪያውን ግን አይገድሉም።

ሁሉም የጉሮሮ ሕመም መድኃኒት ይፈልጋል ማለት አይደለም። ንፍጥ፣ ሳልና የድምፅ መጎርነን ካለ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው፣ በራሱ ይለቃል። ድንገት የጀመረ፣ ትኩሳት ያለው፣ ለመዋጥ የሚያስቸግር፣ ሳል የሌለው፣ አንገት ላይ ሲነካ የሚያም እብጠት ያለው፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር የሚታይ ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሕክምናው አንድ መርፌ ወይም የ10 ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ነው። በሦስተኛው ቀን ተሻለው ብላችሁ ቀሪውን ለታናሹ አታስቀምጡ!

ልቡ ከተጎዳ በኋላስ በምን ይታወቃል? ደጋ ላይ ዳገት ሲወጣ የማያለከልክ የለም፤ ስለዚህ ልጁን ከእኩዮቹ ጋር አስተያዩት። አብሯቸው ይወጣ የነበረው ልጅ መሀል ላይ መቀመጥ ከጀመረ፣ ማታ ትራስ ደራርቦ የሚተኛ ከሆነ፣ እግሩ ካበጠ፣ ልቡ ያለ ሥራ የሚመታ ከሆነ ይታይ። ሐኪሙ በማዳመጫ ያልተለመደ ድምፅ ይሰማል፤ ቁርጡን የሚነግረን ግን ኢኮ ነው። ኢኮ የልብ አልትራሳውንድ ነው፣ አያምም፣ መርፌ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ኤኤስኦ» በሚባል የደም ምርመራ ብቻ «ሩማቲክ አለብህ» ተብለው ለዓመታት መርፌ የሚወጉ ሰዎች አሉ። ይህ ምርመራ የሚናገረው በቅርቡ ከባክቴሪያው ጋር መገናኘታችሁን ብቻ ነው። ምልክት ሳይታይ፣ ልብ ሳይመረመር በእሱ ብቻ አይወሰንም። እንዲህ የተባላችሁ ካላችሁ መርፌውን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ኢኮ ይሠራልኝ በሉ።

ሕመሙ ከተረጋገጠ የጀርባ አጥንቱ ሕክምና በየ4 ሳምንቱ (አንዳንዴ በየ3) የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ነው። መርፌው የተበላሸውን ቫልቭ አይጠግንም፤ ሌላ ጉዳት እንዳይደረብ ያግዳል። ኡጋንዳ ውስጥ ሕመሙ ገና በኢኮ ብቻ በታየባቸው 818 ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት ይህን በደንብ አሳይቷል፦ በሁለት ዓመት ውስጥ መርፌ ካልተሰጣቸው ከ100 ስምንቱ ገደማ ሲባባስባቸው፣ ከተሰጣቸው ግን ከ100 አንድ እንኳ አልሞላም። ቫልቩ የተጎዳ ሰው ቢያንስ 10 ዓመት ወይም 40 ዓመት እስኪሞላው፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን ያህል ይወስዳል። ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ከጃናሞራ በየወሩ መውረድ ቀልድ አይደለም፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ መርፌውን በቅርባችሁ ባለ ጤና ጣቢያ መውሰድ እንድትችሉ ወረቀት አጽፉ። ቀኑ ካለፈ የሚቀጥለውን ወር አትጠብቁ፤ በተቻለ ፍጥነት ተወጉ። ጠበል የምትሄዱም የመርፌውን ቀን ቆጥራችሁ፣ ኪኒናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

«መርፌው ይገድላል» የሚል ወሬም አለ፤ አንዳንድ ባለሙያም ለመውጋት ይፈራል። እውነተኛ የፔኒሲሊን አለርጂ አለ፣ ግን ብርቅ ነው። ከመርፌ በኋላ የታዩት ሞቶች በአብዛኛው ቫልቫቸው ክፉኛ የጠበበ ወይም ልባቸው በጣም የደከመ ሰዎች ላይ ነው፤ በሕመምና በድንጋጤ ግፊታቸው ሲወርድ ልባቸው ሳይቋቋመው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቶቹ ሐኪሙ የሚዋጥ ሊመርጥ ይችላል። ሌሎቻችሁ ግን ጥቂት ቀምሳችሁ፣ ውኃ ጠጥታችሁ፣ ተኝታችሁ ተወጉ።

ልብ ሲደክም እንደ ላሲክስ ያሉ ውኃ የሚቀንሱ መድኃኒቶችና ጨው መቀነስ ይረዳሉ። የጠበበ ቫልቭ በፊኛ ሊሰፋ፣ በጣም የተበላሸ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ሊቀየር ይችላል። ይህ በአገራችን የሚሠራው በዋናነት አዲስ አበባ ነው፤ በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ለዓመታት የብዙ ልጆች ተስፋ ሆኗል። ወረፋው ግን ረጅም ነው። የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን ዕድሜ ልክ ይወስዳል። ጎመን የሚበላም መጠኑን ዛሬ አብዝቶ ነገ አይተወው፤ የመድኃኒቱን ጉልበት ይለዋውጠዋል።

በመጨረሻ ለሴቶች። ብዙዎች ቫልቫቸው መጥበቡን የሚያውቁት በእርግዝና ነው፤ ደሙ ስለሚጨምር ልብ አይችለውም። ይህ ሕመም ያለባት ሴት ከማርገዟ በፊት ታማክረን። ዋርፋሪን የምትወስድ ከሆነና የወር አበባዋ ከቀረ ደግሞ መድኃኒቱ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ በድንገት ማቆሙ ግን ቫልቩ ላይ ደም ሊያረጋ ይችላል። በራሷ አታቁመው፣ ቀጠሮዋንም አትጠብቅ፤ በዚያው ሳምንት ትምጣ።