የዕጣ ቁጥር ፍጥነትና ጥራት

በመቱ፥ በጎሬ ወይም በበደሌ መጋዘን ከተከማቸ ቡና ናሙና የሚወስድ ነጋዴ፥ ለበሩ የቀረበውን ጆንያ ብቻ ቢወጋ ገዢውንም ራሱንም ያታልላል፤ ስለዚህ ጆንያው በዕጣ ቁጥር ሊመረጥ ይገባል።

ዳሩ ግን ቁጥሩም እንደ ቡናው መፈተን አለበት። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአይቢኤም ኮምፒዩተሮች የተሠራበት ራንዱ የተባለው ስሌት፥ መሣሪያው በቀጥታ በሚታዘዝበት በአሴምብሊ ቋንቋ በጥቂት ትእዛዞች የሚፈጸም ፈጣን ስሌት ነበር። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ሲታዩ ነውር አልነበራቸውም፤ ሦስት ሦስቱ እንደ ርዝመት፥ ወርድና ከፍታ ተይዘው ሲነጠቡ ግን በ15 ትይዩ ንጣፎች ላይ ብቻ ተሰልፈው ተገኙ።

መቶ ጆንያ ላለው ነጋዴ፥ ከ1 እስከ 100 የተጻፈባቸውን ወረቀቶች በሚገባ አደባልቆ ማውጣት ይበቃዋል። ፍጥነት የሚመሰገነው ጥራት ከተፈተነ በኋላ ነው።