«ብድግ» ማለት የሚያውቅ «ጌት አፕ» አያቅተውም

ፋሲል ግቢ በር ላይ እንግዳ የምትቀበሉ፣ ደባርቅ ላይ በቅሎ የምትጭኑ፣ ወደ ስሜን ተራሮች ሰው ይዛችሁ የምትወጡ ወጣቶች! «ጌት» የምትባለው የእንግሊዝኛ ግስ እንደምታስመርራችሁ አውቃለሁ። መዝገበ ቃላቱ «አገኘ» ይላችኋል። እንግዳው ግን በቅሎ ላይ ሲወጣ «ጌት ኦን»፣ ሲወርድ «ጌት ኦፍ»፣ ማለዳ ሲነሣ «ጌት አፕ»፣ ከጉንፋኑ ሲያገግም «ጌት ኦቨር» ይላል። «አገኘ» የት ገባ?

ተስፋ አትቁረጡ፤ ግስ ከመነሻ ትርጉሙ የሚርቅበትን ይህን ብልሃት አፍ ከፈታችሁ ጀምሮ ታውቁታላችሁ። «አለ» ማለት ተናገረ ነው። ታዲያ ቁጭ ያለ ሰው ምን ተናገረ? ዝም ያለውስ? ብቅ አለ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ፈቀቅ አለ፣ እልም አለ፤ አንዱም ንግግር የለበትም። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ እዚሁ ላይ ይቸገራል። እናንተን ግን «ቁጭ» ምን እንደሆነ ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳችሁም፤ «ቁጭ በል» ተባላችሁ፣ ተቀመጣችሁ፣ በቃ። ደግሞ የኛው ይረቅቃል፦ «አለ» በ«አደረገ» ሲለወጥ ሥራው ከራስ ወደ ሌላ ይሻገራል። ሰውየው ብድግ ሲል «ጌት አፕ» ነው፤ ሻንጣውን ብድግ ሲያደርግ «ፒክ አፕ»።

ያላችሁበትንም አገር እዩ። ጎንደር የአንድምታ፣ ማለትም የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ፣ አገር ናት። መምህሩ የግእዙን ቃል በአማርኛ ሲፈታ በአንድ ፍቺ አይቆምም፤ «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል፣ ደግሞ «አንድም»። የመምህር ኤስድሮስ ስም የሚነሣበት፣ ታች ቤት የሚባለው የትርጓሜ ስልት ዛሬም በየጉባኤ ቤቱ በቃል ይወርዳል። ቃል በገባበት ቦታ ልክ እንደሚፈታ የሚያውቅ ሕዝብ ልጆች ሆናችሁ አንዲት «ጌት» ልታስፈራችሁ አይገባም! አንድም ወጣ፣ አንድም ወረደ፣ አንድም ዳነ እያላችሁ ያዟት።

ዝርዝር ጽፋችሁ መሸምደዱን ግን ተዉት፤ ግሱን ከሥራው ጋር አፋችሁ ይልመደው። ነገ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ለመሄድ ባጃጅ ውስጥ ስትገቡ «ጌት ኢን» በሉ፤ አውቶብስ ስትሳፈሩ «ጌት ኦን»። ቆማችሁ የምትራመዱበት ወይም ጀርባው ላይ የምትወጡበት ነገር «ኦን» ይፈልጋል፤ ጎንበስ ብላችሁ ገብታችሁ የምትቀመጡበት «ኢን»። አውቶብስም በቅሎም በአንድ ወገን፣ ባጃጅና ታክሲ በሌላው። መውረጃውን ደግሞ ራሳችሁ ሞክሩት፦ ከበቅሎ «ኦፍ» ከሆነ፣ ከአውቶብስስ?