መልካም ወደብና ፍንቄ

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን ክፈቱና ከቁጥር 8 ጀምራችሁ ተከተሉኝ። መርከብ የሚጠለልበት ስፍራ ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት ምንድን ነው?

ጳውሎስ ታስሮ የተሳፈረበት መርከብ በቀርጤስ ደሴት ደቡብ ዳርቻ «መልካም ወደብ» በተባለ ስፍራ ቆሟል። የጾሙ ጊዜ አልፏል፤ የሜዲትራኒያን ክረምት እየቀረበ ነው። በስሙ አትታለሉ፤ ወደቡ በምሥራቅ በኩል ገላጣ ነው። ሉቃስም ለመክረም እንደማይመች ጽፏል። ወደ ምዕራብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ግን ፍንቄ አለ። ብዙ ተመራማሪዎች ዛሬ ሉትሮ የሚባለው መንደር አካባቢ ነው ይላሉ፤ ሉትሮ እስከ አሁን ጀልባዎች ከነፋስ የሚሸሸጉበት ስፍራ ነው።

እንግዲህ የመርከቡ ሰዎች ስለ ፍንቄ አልተሳሳቱም። ስንሰብክ ይህን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። ስሕተታቸው ሌላ ነው፦ ለስለስ ያለ የደቡብ ነፋስ ሲነፍስ መንገዱ የተከፈተ መሰላቸው። መልህቅ ነቀሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ከደሴቲቱ በኩል የሰሜን ምሥራቅ ዐውሎ ነፋስ ወረደባቸው። የተሻለ መጠለያ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ሊደረስበት መቻሉ ሌላ።

ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከአገር ወደ አገር ለመዛወር የምትመክሩ ወገኖች፣ «እዚያ ይሻላል» የሚለው ወሬ እውነት ሊሆን ይችላል። በመካከል ያለውን ባሕርስ ማን አየው? ልጆቹ ትምህርት ጀምረዋል፣ የመኖሪያ ወረቀቱ ገና አልወጣም። ጳውሎስን ያልሰሙትም እኮ ሞኞች አልነበሩም፤ የመቶ አለቃው ያመነው የመርከቡን መሪና ባለቤቱን፣ ማለትም ሥራውን የሚያውቁትን ነው።

ከዚያ በኋላ ምርጫቸው ጠበበ። ቄዳ በምትባል ትንሽ ደሴት ጥግ ሲያልፉ ወደብ አላገኙም። ነፋሱ ጋብ ያለባት አጭር ጊዜ ግን ታንኳዋን ወደ ላይ ለመሳብና የመርከቡን ወገብ በገመድ ለማጥበቅ በቃቻቸው።

በ14ኛው ሌሊት ጥልቀቱን ለኩ፤ መጀመሪያ 36 ሜትር ያህል፣ ቀጥሎ 27። ምድር ቀርቧል፣ ዓለትም ያስፈራል። አራት መልህቅ ከኋላ ጣሉ። ለምን ከኋላ? ከፊት ቢጥሉ ነፋሱ መርከቡን ያዞረዋል። ከኋላ ሲታሰር ግን ፊቱ ወደ ምድር እንደሆነ ያድራል፤ ሲነጋ ገመዱን ቆርጦ ወደ ዳር መንዳት ይቻላል። ከዚህ በኋላ የቀራቸው ንጋትን መመኘት ነበር። 276 ነፍስ! አንዳንድ መርከበኞች በታንኳዋ ሊሾልኩ ሲሉ ጳውሎስ ተናገረ፤ ወታደሮቹም ገመዷን ቆረጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጳውሎስ ምግብ እንዲቀምሱ ከለመናቸው ከቁጥር 33 እንጀምራለን።