ቴሌቪዥኑን የሚሸከመው ማን ነው?

በዚህ ዓመት ሁለቱን የ9ኛ ክፍል መማሪያ ክፍሎች በሚለየው የውስጥ ግድግዳ ላይ ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ሰቅለናል። ብዙ ወላጆችም እዚህ ጅቡቲ በተከራዩት ቤት ተመሳሳይ ግድግዳ ስላላቸው፣ ሥራውን ለሁሉም የሚጠቅም ትምህርት አድርገን እናቀርበዋለን።

ይህ ግድግዳ ብሎኬት አይደለም። በቆሙ ሞራሌዎች ላይ ከሁለቱም በኩል ጂፕሰም ቦርድ ተመትቶበት የተሠራ ነው፤ መሐሉ ባዶ ነው። የቦርዱ ውፍረት 12.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆንም ቀለም ከተቀባ በኋላ ከብሎኬት ለመለየት ያስቸግራል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ለብሎኬት የተሠራ ፊሸር በጂፕሰም ውስጥ ይሽከረከራል እንጂ አይዝም። ሸክሙን መቻል ያለበት እንጨቱ ነው።

እንጨቱን ግድግዳው ሳይፈርስ ማግኘት ይቻላል። በጣት አንጓ ሲንኳኳ ባዶው ቦታ ያስተጋባል፤ ሞራሌ ያለበት ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ጆሮውን ለማያምን ትንሽ ማግኔት ይበቃዋል፤ ቦርዱን በያዙት ብሎኖች ራስ ላይ ይለጠፋል፣ እነሱም ከላይ እስከ ታች ተሰልፈው ይገኛሉ። (ተማሪዎቻችን ከላቦራቶሪ ያመጡት ማግኔት ከአናጢው ጣት ቀደመ፤ አናጢውም ስቆ ተዋሰን።)

በእኛ ግድግዳ ከሞራሌ እስከ ሞራሌ 60 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ የመስቀያው ብረት ስፋት ግን 40 ብቻ ነው። ስለዚህ መብራቱን ከማከፋፈያው አጥፍተን፣ በቴስተር አረጋግጠን፣ ቦርዱን ከአንዱ ሞራሌ መሐል እስከ ሌላው መሐል ቆረጥነው። በቋሚዎቹ መካከል ሁለት አግዳሚ ሞራሌዎችን በ20 ሴንቲ ሜትር ልዩነት በውሃ ልክ አስተካክለን አሰርን። ከማቀዝቀዣው በሚንጠባጠብ ውሃ የራሰው አሮጌ ቦርድ ተጣለ፤ በአዲስ ተተካ፣ ስቱኮ ተመታ፣ ተቀባ። የባሕሩ ጨው ብረት ስለሚበላ ብሎኖቹ ዝገት የሚቋቋሙ ናቸው።

አሁን ወደ ፊዚክሱ። ቴሌቪዥኑ ከነመስቀያው 20 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ክብደቱ 200 ኒውተን ያህል ነው። ከግድግዳው በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከተሰቀለ የመጠምዘዝ ኃይሉ 200 × 0.05 = 10 ኒውተን ሜትር ይሆናል። በላይኞቹና በታችኞቹ ብሎኖች መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ስላለ፣ የላይኞቹ በድምሩ በ50 ኒውተን ወደ ውጭ ይሳባሉ። በሚዘረጋ ክንድ 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢወጣስ? ቴሌቪዥኑ ያው ነው፣ መሳቡ ግን 400 ኒውተን ይደርሳል። 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልጅ ከተንጠለጠለበት ሌላ 600 ይጨመራል። ከሥር ተማሪዎች ስለሚቀመጡ፣ የሚዘረጋውን ትተን ከግድግዳው የሚጠጋውን መርጠናል። ሻጩ የሚዘረጋውን ቢያወድስም ስሌቱ ለእኛ በቂ ነበር።

የተከራየ ቤት ያላችሁ ወላጆች ግድግዳ ከመክፈታችሁ በፊት አከራዩን አስፈቅዱ። ካልፈቀደ ቴሌቪዥኑን በረጅም መሳቢያ ላይ አትትከሉ፤ ሕፃን መሳቢያውን ሲወጣበት አብሮ ይወድቃል። ሰፊና ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ይሻላል፤ ያም ቢሆን በማሰሪያ ይያዝ።

ግድግዳችን ከመዘጋቱ በፊት ሜትር አስደግፈን ፎቶግራፍ አንስተነዋል። አግዳሚዎቹ ከወለሉ ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንዳሉ ይታይበታል፤ በጥገና መዝገቡ ውስጥ ተለጥፏል።