በጋአን ሊባህ ተራራ የጽድ ደን ዘሩን ስለሚተካበት ሁኔታ

ከሐርጌሳ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፤ በጎሊስ ተራሮች ላይ ጋአን ሊባህ የሚባል ከፍተኛ ሥፍራ ይገኛል። ስሙ በሶማልኛ «የአንበሳ እጅ» ማለት ነው። ተራራው ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ወገን በገደል ስለሚወርድ ከባሕሩ የሚነሣው ጉም በአፋፉ ላይ ያርፋል። ከታች ያለው ቆላ በፀሐይ ሲነድ፤ ከላይ ጽድና ወይራ፤ ክትክታም የሚበቅሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ጽዱ በሐረርጌና በሸዋ ደጋ የሚታወቀው የሐበሻ ጽድ ነው። ጃን ጊሌት የተባለው የዕፀዋት ሊቅ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1941 ባሳተመው ጥናት የምዕራብ ሶማሌላንድንና የሐረርን ዕፀዋት በአንድነት የመረመረውም ያለ ነገር አይደለም።

ጽድ በአብዛኛው ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ የሚቆም ዛፍ ነው። የወንዴውን ብናኝ ነፋስ ወደ ሴቴዋ ያደርሰዋል፤ ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን ይበትኑታል። እንግዲህ ምሳር የያዘ ሰው ቀጥ ያለውን ግንድ ሲመርጥ ወንዴ ይሁን ሴቴ አይጠይቅም። በአንድ ሸለቆ የቀሩት ሁሉ ወንዴዎች ከሆኑ ወይም ዛፎቹ እጅግ ከተራራቁ፤ ደኑ ቆሞ ሳለ መካን ይሆናል። ወይራ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ጽድ ግን ከጉቶው አያቆጠቁጥም።

የድርቁ ጉዳት ከዚህ ይልቅ ስውር ነው። ደምል ተክታይና ግራንስትሮም በ1995 በኢትዮጵያ ደረቅ የደጋ ደኖች ላይ ባወጡት ጥናት፤ በአፈር ውስጥ ተቀብሮ የተገኘው ዘር አብዛኛው የሣርና የአረም እንደ ሆነ፤ ከዛፎቹ ግን ጥቂቶቹ ብቻ እንደ ተገኙ አመልክተዋል። ብዙዎቹ ዛፎች ተተኪያቸውን የሚያቆዩት በአፈር ውስጥ ሳይሆን በጥላ ሥር በሚጠብቅ ችግኝ ነው። የችግኝ ሥር አጭር ስለሆነ፤ ድርቅ ሲመጣ ሽማግሌው ዛፍ ይተርፋል፤ ልጁ ይደርቃል። ሶማሌዎች «ደበዴር» ያሉት የ1974–75 ድርቅም ሆነ የ2016–17ቱ ድርቅ ይህን የመሰለ ፈተና ነበር። ከሩቅ ለሚያየው ተራራው አረንጓዴ ነው፤ በጉልበቱ ተንበርክኮ ችግኝ የሚፈልግ ግን ሌላ ነገር ያገኛል።

በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ሥፍራው ጥብቅ ደን ነበር። በኋላ ጥበቃው ላላ፤ ከ1988 ጀምሮ የሆነው ጦርነትም ሥርዓቱን አፈረሰው። ለከተሞች የሚከሰለው እንጨት ከዚያ ወዲህ በዛ። ከብት ጠባቂውም ቆላው ሲደርቅ መንጋውን ወደ ተራራ ያወጣል፤ ወዴትስ ይሂድ? ነገር ግን የሚወጣበት ጊዜ ችግኙ በውሃ ጥም የደከመበት ጊዜ በመሆኑ ሁለቱ ጉዳቶች በአንድ ወራት ይገናኛሉ። በደቡብ ጎንደር በአብያተ ክርስቲያናት ደኖች የተደረገውና በ2009 የታተመው የአለማየሁ ዋሴና የባልደረቦቹ ጥናት፤ ከብት በታጠረበት ቦታ ዘሩ የተሻለ እንደሚበቅልና ችግኙም የተሻለ እንደሚተርፍ አሳይቷል።

ቁጥቋጦም ዋጋ የሌለው ነገር ተደርጎ መቆጠር የለበትም። በትግራይ የተደረገ ጥናት፤ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር የተተከለ የወይራ ችግኝ ሜዳ ላይ ከተተከለው ይልቅ እንደሚጸድቅ በ2007 ገልጿል። ስለዚህ ለበረት አጥር ወይም ለማገዶ ቁጥቋጦውን መመንጠር የነገውን ዛፍ ጥላ መግፈፍ ነው። የደን ሹምም ቆጠራ ሲያደርግ የቆሙትን ግንዶች ብቻ ሳይሆን፤ በየቁጥቋጦው ሥር ሁለተኛውን በጋ ያለፉትን ችግኞችና ፍሬ የያዙትን ሴቴዎች ለይቶ ቢጽፍ ደኑ ወደፊት መኖር አለመኖሩን ከመዝገቡ ሊያነብ ይችላል።