ማቶት በስንት ነጥብ ይሸፈናል?

በላሊበላና በላስታ መንደሮች እንስራ የሚያርፍበትን ክብ ማቶት እናውቀዋለን። ገጹን በሙሉ በጎነ ሦስቶች ብንሸፍን ቢያንስ ስንት ነጥብ ያስፈልገናል? ሁለት ነጥቦችን ከአንድ መስመር በላይ አናገናኝ።

ለኳስ 4 ነጥብ ይበቃል። መሐሉ ክፍት ለሆነው ማቶት ግን በኦይለር ቀመር ነጥብ ሲቀነስ መስመር ሲደመር ጎነ ሦስት ዜሮ ነው። እያንዳንዱ መስመር የሁለት ጎነ ሦስቶች ወሰን ስለሆነ መስመሮቹ የነጥቦቹ 3 እጥፍ ይሆናሉ። ስለዚህ 6 ነጥብ 18 መስመር ይፈልጋል፤ የሚገኘው ግን 15 ብቻ ነው። ከ6 በታችማ ጭራሽ አይሞከርም! 7 ነጥብ 21 ይፈልጋል፤ 21ም ይገኛል፤ ጎነ ሦስቶቹ 14 ናቸው። ሃንጋሪያዊው አኮሽ ቻሳር እ.ኤ.አ. በ1949 ይህንኑ በጠፍጣፋ ገጾች ሠርቶ አሳይቷል።

እኛም ክፍል ስንገባ ማቶት ይዘን እንግባ። ተማሪው «7 ነው» ብሎ አይሸምድድ፤ 6 ለምን እንደማይበቃ ራሱ ቆጥሮ ይድረስበት።