ጅራታም ከዋክብትና ታናናሾቹ የሰማይ አካላት



በዚህ እትም የጥናት ዓምዳችን ጅራታም ከዋክብትንና ከእነርሱ ጋር የሚዛመዱትን ታናናሽ የሰማይ አካላት ልንመለከት መርጠናል። «ይህ ደግሞ ከእምነታችን ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መልሳችን አንድ አሳዛኝ ታሪክ ነው። በ1997 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ ሄል ቦፕ የተባለው ጅራታም ኮከብ ያለ መነጽር በግልጽ ይታይ በነበረበት ሰሞን፣ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት የአንድ የእምነት ቡድን አባላት የሆኑ 39 ሰዎች ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከኮከቡ በስተኋላ አንድ የጠፈር መንኰራኵር ተከትሎ እንደሚመጣና እነርሱን ወደ ላቀ ዓለም እንደሚወስዳቸው መሪያቸው አስተምሯቸው ነበር። ሰዎቹ ያልተማሩ አልነበሩም፤ እንዲያውም መተዳደሪያቸው የኮምፒዩተር ሥራ ነበር። እንግዲህ የሰማይን ምልክት እኔ ብቻ አነብላችኋለሁ የሚል ሰው በተነሣ ጊዜ፣ ፊደል መቁጠር ብቻውን አያድንም ማለት ነው። ነገሩ በእውነት ምን እንደ ሆነ ማወቅ ግን ይረዳል።

ምንነታቸው

ጅራታም ኮከብ በስሙ ኮከብ ይባል እንጂ ኮከብ አይደለም። ኮከብ እንደ ፀሐያችን ብርሃንን ከራሱ የሚያመነጭ እጅግ ግዙፍ አካል ነው። ጅራታም ኮከብ ግን በረዶ፣ አቧራና ድንጋይ ተደባልቀው የሠሩት ጓል ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች አይበልጥም። በሌሎች ቋንቋዎች የሚጠራበት «ኮሜት» የተሰኘው ስም ከግሪክ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ጸጕረ ረጅም ማለት ነው።

ይህ ጓል ከፀሐይ ርቆ ሳለ ጨለማና ቀዝቃዛ ስለሆነ አይታይም። ወደ ፀሐይ እየቀረበ በሄደ መጠን በረዶው ውኃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ እንፋሎትነት ይለወጣል፤ እንፋሎቱም አቧራውን ይዞ ይወጣና ጓሉን እንደ ጉም ይሸፍነዋል። ጅራቱ የሚፈጠረው ከዚህ ጉም ነው። ብዙዎቻችን ጅራቱ እንደ ፈረስ ጭራ ከኋላ የሚጎተት ይመስለናል። ነገር ግን የፀሐይ ብርሃንና ከፀሐይ የሚነፍሰው የቅንጣቶች ነፋስ ስለሚገፋው፣ ጅራቱ ሁልጊዜ ከፀሐይ በተቃራኒ በኩል ይዘረጋል። ስለሆነም ኮከቡ ፀሐይን ዞሮ በሚመለስበት ጊዜ ጅራቱ ፊት ፊት ይሄዳል።

አስትሮይድ የሚባሉት ደግሞ በአብዛኛው ድንጋይና ብረት ናቸው፤ የብዙዎቹም መኖሪያ በማርስና በጁፒተር ምሕዋሮች መካከል ነው። በሌሊት እልም ብሎ የሚጠፋው ተወርዋሪ ኮከብ ከእነዚህ ሁሉ ያንሳል፤ ብዙውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ትቢያ ነው። ትቢያው በብርቱ ፍጥነት ወደ አየራችን ሲገባ ግሎ ያበራል። ተለቅ ያለው ድንጋይ ነድዶ ሳያልቅ መሬት የሚደርስበት ጊዜም አለ።

ስለ ፍርሃትና ስለ ስሌት

በቀድሞ ዘመን በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የጅራታም ኮከብ መታየት የጦርነት፣ የረኃብ ወይም የንጉሥ ሞት መልእክተኛ ሆኖ ይቈጠር ነበር። አያቶቻችንን በዚህ ልናሾፍባቸው አይገባም። ፀሐይና ጨረቃ ጊዜያቸውን ጠብቀው ሲመላለሱ የለመደ ሰው፣ ማንም ያልጠራው ብርሃን በድንገት ሲወጣ ቢደነግጥ አያስደንቅም። ሊቃውንቱም ቢሆኑ ለብዙ መቶ ዓመታት አርስጣጣሊስን ተከትለው፣ ጅራታም ኮከብ ከምድር የወጣ ደረቅ እንፋሎት በአየር ላይ ሲነድ ነው ይሉ ነበር። በ1577 ዓ.ም. ዴንማርካዊው ቲኮ ብራሄ የአንዱን ርቀት ለክቶ ከጨረቃ በላይ መሆኑን እስኪያረጋግጥ ድረስ ይህ ትምህርት ጸንቶ ቈየ።

ትልቁን እርምጃ የወሰደው እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ ነው። ሃሌይ በ1705 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናቱ የ24 ጅራታም ከዋክብትን ምሕዋር አስልቶ አቀረበ። ከእነዚህም መካከል በ1531፣ በ1607 እና በ1682 የታዩት ሦስቱ መንገዳቸው እጅግ ተመሳሰለበት። ሦስት ሳይሆኑ በየሰባ አምስትና በየሰባ ስድስት ዓመቱ የሚመለስ አንድ አካል ናቸው ብሎም ደመደመ፤ በ1758 ዓ.ም. ግድም እንደሚመለስም ተናገረ። ራሱ ግን በ1742 ዓ.ም. ስላረፈ አላየውም።

ጊዜው ሲቃረብ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ክሌሮ፣ ከላላንድና ኒኮል ሬን ሌፖት ከተባለች ሴት ሊቅ ጋር ሆኖ ለወራት ያህል በብዕር ሲያሰላ ቈየ። ጁፒተርና ሳተርን በስበት ኃይላቸው ኮከቡን 618 ቀን ያህል እንደሚያዘገዩት አገኙ። ለፀሐይ እጅግ የሚቀርበው በ1759 ዓ.ም. በሚያዝያ አጋማሽ ሊሆን ይችላል፤ በዚህም ላይ የአንድ ወር ልዩነት ቢኖር አትደነቁ አሉ። ኮከቡ የቀረበው መጋቢት 13 ቀን ነበር። እኛ እስከምናውቀው ድረስ የሰው ልጅ በወረቀት ላይ ብቻ ሠርቶ ከተናገራቸው ነገሮች እንዲህ የሚያስደንቅ ጥቂት ነው።

ኮከቡን መጀመሪያ ያየው ማን ነበር? የታላላቆቹ ከተሞች ሊቃውንት ሲፈልጉት ሳሉ፣ በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ አጠገብ ፓሊች የተባለ ገበሬ በገዛ ቴሌስኮፑ አየው። የሥነ ፈለክን ትምህርት ብቻውን ያጠና ሰው ነበር። ሌሊቱም የ1758 ዓ.ም. የልደት በዓል ሌሊት፣ ታኅሣሥ 25 ነበር።

«የተወገዘው» ኮከብ

ይኸው የሃሌይ ኮከብ በ1456 ዓ.ም. በሰኔ ወር ታይቶ ነበር። ያን ጊዜ ቍስጥንጥንያ ከወደቀች ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ሱልጣን መሐመድ ዳግማዊም ወደ ቤልግሬድ እየዘመተ ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ካሊስቶስ 3ኛ ሰኔ 29 ቀን ባወጡት ደብዳቤ ምእመናን ሁሉ እንዲጸልዩና በየዕለቱ ከቀትር በኋላ ደወል እንዲደወል አዘዙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፕላቲና የተባለው የታሪክ ጸሐፊ ይህን ትእዛዝ ከኮከቡ ጋር አያይዞ ጻፈ። ከዚያም ወሬው ከአፍ ወደ አፍ፣ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተላለፈ አደገ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ታላላቅ ሳይንቲስቶች ሳይቀሩ «ጳጳሱ ጅራታሙን ኮከብ አወገዙት» እስከማለት ደረሱ።

ደብዳቤው ዛሬም አለ፤ በውስጡ ስለ ኮከብ የተጻፈ አንድም ቃል የለም። ውግዘትም ቢሆን የሚተላለፈው በተጠመቀ ሰው ላይ እንጂ በበረዶ ጓል ላይ አይደለም። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዘመን ካህናትም ምእመናንም ብዙዎቹ ኮከቡን ፈርተውት ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያንን በአላዋቂነት ለመክሰስ የተነሡት ሰዎች ራሳቸው ሰነዱን ገልጠው ሳያነቡ ሌላው የጻፈውን መድገማቸውን ልብ ልንል ይገባል።

ስለ ቤተ ልሔም ኮከብም አንድ ነገር እንበል። ኦሪጎን በ3ኛው መቶ ዓመት ኮከቡ የጅራታም ኮከብ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም ብሏል። ሠዓሊው ጆቶም በ1301 ዓ.ም. ከታየው ከሃሌይ ኮከብ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በፓዶቫ ከተማ በሚገኘው ጸሎት ቤት የሰብአ ሰገልን ስግደት ሲሥል ከበረቱ በላይ ጅራታም ኮከብ አደረገ። በ1986 ዓ.ም. ወደ ሃሌይ ኮከብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርባ ያለፈችው የኤውሮጳ መንኰራኵር ጆቶ የተባለችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ፣ መንገድ እየመራ ሄዶ በአንድ ቤት ላይ የሚቆም ኮከብ ከተራዎቹ ከዋክብት ሊሆን አይችልም ሲል አስተምሯል። እኛም ወደዚህ አስተያየት እናዘነብላለን፤ ወንጌላዊው የጻፈው የሥነ ፈለክ መዝገብ አይደለምና።

ከሰማይ የወረዱ ድንጋዮች

ገበሬዎች ድንጋይ ከሰማይ ሲወድቅ አየን ብለው ሲመሰክሩ፣ የ18ኛው መቶ ዓመት ምሁራን አብዛኞቹ ይሥቁባቸው ነበር። ሚያዝያ 26 ቀን 1803 ዓ.ም. በፈረንሳይ ኤግል በተባለች ከተማ አካባቢ ወደ 3,000 የሚጠጉ ድንጋዮች ወደቁ። ባዮ የተባለው ወጣት ሊቅ ወደ ሥፍራው ተልኮ ከመንደር መንደር እየዞረ የሕዝቡን ቃል መዘገበ፤ ድንጋዮቹንም መረመረ። እውነቱን ይናገሩ የነበሩት ገበሬዎቹ ሆነው ተገኙ።

ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጥር 1 ቀን 1801 ዓ.ም.፣ የቴአቲን ማኅበር ካህን የሆኑት አባ ጁሴፔ ፒያሲ በሲሲሊ ደሴት በፓሌርሞ የመጀመሪያውን አስትሮይድ አግኝተው ሴሬስ ብለው ሰይመውት ነበር። አባ ፒያሲ በየካቲት ወር ታመሙ፤ ሴሬስም ወደ ፀሐይ ወገን ሄዶ ከዓይን ተሰወረ። ወጣቱ ጋውስ በጥቂቶቹ ልኬቶች ላይ ተመሥርቶ የት እንደሚገኝ ባያሰላ ኖሮ ፈልጎ ማግኘት አዳጋች በሆነ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ እርሱ ባመለከተው ቦታ አጠገብ ተገኘ።

ካህናትና መነኮሳት ከዚህ ሥራ አልተለዩም። ር.ሊ.ጳ. ልዮን 13ኛ በ1891 ዓ.ም. እንደገና ያቋቋሙት የቫቲካን የሥነ ፈለክ ተቋም በካስቴል ጋንዶልፎ ከ1,000 የሚበልጡ የሰማይ ድንጋዮች ስብስብ አለው። አብዛኛው የፈረንሳዊው መኰንን ደ ሞሯ ስጦታ ነው። በ2023 ዓ.ም. ቤኑ ከተባለው አስትሮይድ 121 ግራም የሚያህል አፈር ወደ ምድር በመጣ ጊዜ፣ የዚህ ተቋም አባል የሆኑት ኢየሱሳዊው ወንድም ሮበርት ማኪ የድንጋዮቹን እፍጋት የሚለካ መሣሪያ በእጃቸው ሠርተው ለተመራማሪዎቹ ሰጥተዋል። በ2025 ዓ.ም. በወጣው ውጤት መሠረት፣ ሕያዋን ፍጥረታት ፕሮቲን ከሚሠሩባቸው 20 አሚኖ አሲዶች 14ቱ በዚያ አፈር ውስጥ ተገኝተዋል። ሕይወት ተገኘ ማለት ግን አይደለም፤ ጡብና ጭቃ ያየ ሰው ቤት አየሁ እንደማይል ሁሉ።

እውነተኛ አደጋ የለም አንልም። የካቲት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በሩስያ በቼልያቢንስክ ከተማ ሰማይ ላይ 20 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ድንጋይ ፈንድቶ ከ1,400 የሚበልጡ ሰዎችን አቍስሏል። የሚበዙት የቆሰሉት በመስተዋት ስብርባሪ ነው፤ ብርሃኑን አይተው ወደ መስኮት በሮጡበት ጊዜ የፍንዳታው ግፊት ዘግይቶ ደረሰባቸው። እንዲህ ያለ ብርሃን በድንገት ያየ ሰው እንግዲህ ከመስኮት ይራቅ። መስከረም 26 ቀን 2022 ዓ.ም. ደግሞ ዳርት የተባለች መንኰራኵር ዲሞርፎስ ከተባለ 160 ሜትር ያህል ስፋት ካለው ድንጋይ ጋር ሆን ተብላ ተጋጨች፤ ድንጋዩ ትልቁን ጓደኛውን የሚዞርበት ጊዜ በ32 ደቂቃ ያህል አጠረ። የሰው እጅ የሰማይ አካልን መንገድ ሲለውጥ ይህ የመጀመሪያው ነው።

በ2025 ዓ.ም. ከሌላ ኮከብ አካባቢ የመጣ አትላስ የተባለ ጅራታም ኮከብ በተገኘ ጊዜም፣ የባዕድ ፍጡራን መርከብ ነው የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። ወደ ምድር እጅግ በቀረበበት በታኅሣሥ ወር እንኳ 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይርቀን ነበር፤ ይህም የፀሐይን ርቀት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። የ1997ቱን ታሪክ የሚያስታውስ ሰው እንዲህ ያለውን ወሬ በቀላሉ አያልፈውም።

በታኅሣሥ ሰማይ

በምዕራቡ ዓለም ያሉ ካቶሊካውያን በነሐሴ ወር የሚታየውን የተወርዋሪ ከዋክብት ዝናብ «የቅዱስ ሎሬንሶ ዕንባ» ይሉታል፤ የሮማው ዲያቆንና ሰማዕት በዓል በአውሮጳውያን ነሐሴ 10 ቀን ይውላልና። ጣሊያናዊው ስኪያፓሬሊ በ1866 ዓ.ም. እነዚህ «ዕንባዎች» ስዊፍት ታትል የተባለው ጅራታም ኮከብ በመንገዱ ላይ የበተነው ትቢያ መሆናቸውን አሳይቷል። በአገራችን ይህ ወቅት በጾመ ፍልሰታ፣ ነሐሴ 6 እና 7 ገደማ ስለሚሆን ብዙውን ጊዜ የክረምቱ ደመና ይጋርደዋል።

ለእኛ የሚሻለው በጾመ ነቢያት ውስጥ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ የሚታየው ነው። ምንጩ በ1983 ዓ.ም. የተገኘው ፋይቶን የተባለ አስትሮይድ ነው። ጨረቃ ከሌለችና ከከተማ መብራት ከራቅን በሰዓት ከመቶ በላይ ሊታዩ ይችላሉ። ለዚህ መነጽር አያስፈልግም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም፣ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል መታገሥ፣ ለብርዱም ጋቢ መደረብ ይበቃል፤ ልጆቻችንንም ቀስቅሰን ብናሳያቸው መልካም ነው።